ኤልሳትን ከቤት መፈተን፦ ከስም አጻጻፍ እስከ ቡና ጭስ

አሜሪካ ውስጥ ሎው ስኩል (የሕግ ትምህርት ቤት) ለመግባት የሚፈተኑትን ኤልሳት ሁለት ጊዜ ወስጃለሁ። ሁለቱንም እናቴ ቤት፣ ቤዝመንት ውስጥ ሆኜ። የመጀመሪያውን ያበላሸችብኝ አክስቴ ናት። ለእናቴ ነግሬያለሁ። ለወንድሜ ነግሬያለሁ። ላይኛውን ክፍል ለተከራየችው ልጅም ነግሬያለሁ። አክስቴ ግን ሳትደውል ከቤተ ክርስቲያን መልስ ብቅ አለች። “ልጅቷ የት ገባች?” ብላ በሩን ብርግድ አደረገችው። በእጇ በፌስታል የተቋጠረ ዳቦ ይዛለች። እኔ ሁለተኛው ሴክሽን ላይ ነኝ። ወዲያው በካሜራ የሚከታተለኝ ተቆጣጣሪ ስክሪኔ ላይ ጻፈልኝ፣ ፈተናውም ቆመ። አክስቴን “ውጪ” ማለት ነውር ሆኖብኝ በእጄ ሳባርራት አሁንም ይታየኛል። ያ ፈተና በዚያው ቀረ።

ጥያቄውን እንዴት እንደሚሠሩት የሚያስተምር ሞልቷል። እኔ የምነግራችሁ ስለ ቤቱ ነው።

መጀመሪያ፦ ከቤት ይፈቀድላችኋል ወይ?

ከቤት መፈተን የተጀመረው በኮቪድ ጊዜ፣ በሜይ 2020 ነው። ያኔ ኤልሳት ፍሌክስ ይባል ነበር፤ ሦስት ሴክሽን ብቻ ነበረው። ከኦገስት 2023 ወዲህ ፈተናውን የሚሰጠው ፕሮሜትሪክ የሚባል ኩባንያ ሆነ፤ ተፈታኙም ቤቱን ወይም የፈተና ማዕከል እንዲመርጥ ተፈቀደለት። ይሄ ምርጫ ግን እስከ ኦገስት 2026 ነው። የፈተናው ባለቤት ኤልሳክ ጥያቄ እየተሰረቀ ስላስቸገረው፣ ከዚያ ወር ጀምሮ አብዛኛው ሰው ማዕከል ሄዶ እንዲፈተን ወስኗል። ከቤት የሚፈቀደው በሕክምና ምክንያት ለሚያስፈልገው ወይም ማዕከል ድረስ መሄድ እጅግ ለሚከብደው ነው።

እንዲህ ያለ ምክንያት ካላችሁ ጥያቄውን የምታቀርቡት ስትመዘገቡ ነው። ምክንያቱ ሕክምና ከሆነ የሐኪም ማስረጃ ያስፈልጋል፤ የሐኪም ቀጠሮ ደግሞ ራሱ ወር ይፈጃል። ስለዚህ ከምዝገባው በፊት ከሐኪሙ ጀምሩ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልበል። እኛ ሕመማችንን ለማንም መናገር አንወድም። “ሎው ስኩሉ ቢያውቅብኝስ?” የሚል ብዙ ነው። ኤልሳክ በ2014 ከአሜሪካ የፍትሕ መሥሪያ ቤት ጋር በፍርድ ቤት ከተስማማ ወዲህ፣ በሕመም ምክንያት ተጨማሪ ሰዓት ተሰጥቶት የተፈተነ ሰው ውጤት ላይ ምልክት አይደረግም። ትምህርት ቤቱ የሚያየው ቁጥሩን ነው። የሚገባችሁን ጠይቁ።

ማዕከል የምትፈተኑም ብትሆኑ ይሄን ጽሑፍ አትዝጉት። የኤልሳት ድርሰት ለብቻው፣ ከቤት፣ በካሜራ ፊት ነው የሚጻፈው። ክፍሉና ኮምፒውተሩ እዚያም ይፈተሻሉ።

ፈተናው ባጭሩ

አራት ሴክሽን አለው፤ እያንዳንዱ 35 ደቂቃ። ሁለተኛው ሲያልቅ የ10 ደቂቃ ዕረፍት አለ። ነጥብ የሚያዘው በሦስቱ ነው፦ ሁለቱ የምክንያታዊ አስተሳሰብ፣ አንዱ የንባብ። የቀረው አንዱ ለሙከራ የገባ ነው። የትኛው እንደሆነ ስለማይነገራችሁ አራቱንም እኩል ሥሩ። ብዙ ሰው ያስለቅስ የነበረው የሎጂክ ጨዋታ ከኦገስት 2024 ጀምሮ ቀርቷል፤ የድሮ መጽሐፍ ከዘመድ የወረሳችሁ ያንን ክፍል ዝለሉት። ውጤቱ ከ120 እስከ 180 ነው። ለስህተት ነጥብ አይቀነስም፤ ባዶ የተተወ ጥያቄ አይኑር።

ልምምዱን ሎውሀብ በሚባለው የኤልሳክ ድረ ገጽ ላይ አድርጉ። አካውንቱ በነጻ ይከፈታል፤ ገጹም የፈተናውን ቀን ከምታዩት ጋር አንድ ነው። መስመሩን ማቅለም፣ የማይሆነውን ምርጫ መሰረዝ፣ ጥያቄ ላይ ባንዲራ መትከል፣ ፊደሉን ማተለቅ፦ ይሄ ሁሉ እጃችሁ ውስጥ ካልገባ የፈተናው ቀን ደቂቃ ይበላባችኋል። በወረቀት ብቻ የተለማመደ ሰው ስክሪን ላይ ሲያነብ ዓይኑ ይደክመዋል።

ስማችሁ

ፈረንጁ በሁለት መስመር የሚጨርሰው ነገር እኛን ገደል ይከተናል።

ቅጹ የራስ ስምና የቤተሰብ ስም ይጠይቃል። እኛ የቤተሰብ ስም የለንም፤ የአባትና የአያት ስም ነው ያለን። አንዱ ሰው ሲመዘገብ የአባቱን ስም መጨረሻ ላይ ይጽፋል። መንጃ ፈቃዱ ላይ ግን መጨረሻ ያለው የአያቱ ነው። የፈተናው ቀን ተቆጣጣሪው መታወቂያውን ያያል፣ ስሙ አይገጥምም፣ በሩ ይዘጋል። ተቆጣጣሪውን “አባቴ እኮ ነው” ማለት አያስኬድም።

ደንቡ ቀላል ነው። በምን መታወቂያ እንደምትፈተኑ ዛሬ ወስኑ፤ ፓስፖርት ወይም መንጃ ፈቃድ ይሁን። ጊዜው እንዳላለፈ እዩ። ከዚያ የኤልሳክ አካውንታችሁን ከፍታችሁ መታወቂያውን አጠገቡ አድርጉ፤ ፊደል በፊደል አስተያዩት። ጸጋዬ አንዱ ላይ በሁለት ፊደል ጀምሮ ሌላው ላይ በአንድ እንዳይሆን። ወልደ ማርያም አንዱ ላይ ተነጥሎ፣ ሌላው ላይ ተጣብቆ እንዳይሆን። ዜግነት ስትወስዱ ስማችሁን ያሳጠራችሁ ሰዎች ደግሞ የድሮው ግሪን ካርድና አዲሱ ፓስፖርት እንደማይስማሙ አትርሱ።

ስማቸው በሙሉ የቤተሰብ ስም መስመር ላይ የተጻፈባቸው፣ የራስ ስም ቦታ ላይ ኤፍኤንዩ (“የራስ ስም አይታወቅም” ማለት ነው) የሚል የወጣላቸውም አሉ። ይሄ በፈተናው ጠዋት በቻት የሚፈታ ነገር አይደለም። ከሳምንታት በፊት ለኤልሳክ ጻፉ፤ መልሱንም በጽሑፍ ያዙት።

ምዝገባና ቀጠሮ

ምዝገባው ከፈተናው ስድስት ሳምንት ገደማ ቀድሞ ይዘጋል። ክፍያው በየጊዜው ይጨምራል፤ በ2023–24 222 ዶላር የነበረው በ2024–25 238 ሆነ። ገቢው ዝቅ ያለ ሰው ክፍያው ቀርቶለት መፈተን ይችላል። ማመልከቻው ከምዝገባ በፊት ነው የሚገባው፤ ከፍላችሁ ካበቃችሁ በኋላ ገንዘቡ አይመለስም። አባቱ ኡበር እየነዳ የሚያስተምረው ልጅ ሳያመለክት ቀርቶ ክሬዲት ካርድ ሲያወጣ ሳይ ያንገበግበኛል።

ቀጥሎ ሰዓት የምትመርጡበት ኢሜይል ይመጣል። ቀድሞ የገባ ይመርጣል። ሰዓቱን የምትመርጡት ራሳችሁን ብቻ አይታችሁ አይሁን። የእናታችሁን ግድግዳ ላይ የተሰቀለውን የቤተ ክርስቲያን ካላንደር እዩ። ቀኑ 21 ከሆነ ማርያም ናት። 12 ከሆነ ሚካኤል ነው። የጽዋ ማኅበር ተራ የእናንተ ቤት የሚውለው መቼ ነው? በዚያ ቀን ሃያ ሰው ከላያችሁ እየተራመደ የንባብ ሴክሽን አይሠራም። እናታችሁ ራሷ “ማኅበሩን ላዛውረው” ብትል እንኳ እናንተ ቀኑን ቀይሩ። እሷ ማኅበሩን አታዛውረውም፤ ታውቃላችሁ።

አንድ ሰው ውጤቱ ለትምህርት ቤቶች በሚላክበት በአሁኑ ዘመን ውስጥ አምስት ጊዜ፣ በዕድሜው በሙሉ ሰባት ጊዜ ብቻ ነው የሚፈተነው። “ለሙከራ ያህል” ተብሎ የሚገባበት አይደለም።

ኮምፒውተሩ

ዊንዶውስ ወይም ማክ ኮምፒውተር ያስፈልጋል። ክሮምቡክና ታብሌት አይሆንም። ከመሥሪያ ቤት የተሰጣችሁን ላፕቶፕ ተዉት፤ ሆስፒታል ወይም ባንክ የምትሠሩ በተለይ። መሥሪያ ቤቱ የጫነበት መከላከያ የፈተናውን ፕሮግራም ያፍነዋል። ሁለተኛ ሞኒተር ይነቀል። ካሜራውን አንስታችሁ ክፍሉን ዙሪያውን ማሳየት ስላለባችሁ፣ የተቀመጠበት የማይነቃነቅ ትልቅ ኮምፒውተር ያስቸግራል።

ፕሮፕሮክተር የሚባለውን ፕሮግራም ቀድማችሁ ጫኑ። የፕሮሜትሪክ ገጽ ላይ ኮምፒውተራችሁ ይበቃ እንደሆነ የሚፈትሽ ሙከራ አለ። ያንን ሙከራ ሁለት ጊዜ አድርጉት። አንዱን ዛሬ፤ ሌላውን በፈተናው ቀንና ሰዓት ልክ፣ ከሳምንት በፊት፣ በዚያው ክፍል ውስጥ። ለምን መሰላችሁ? ማክሰኞ ሌሊት ሁሉም ሰው ተኝቶ ኢንተርኔቱ ይበርራል። ቅዳሜ ረፋድ ግን አባባ ሳሎን በቴሌቪዥኑ ዩቲዩብ ከፍተው ዜና ያያሉ፣ ወንድማችሁ ጌም ላይ ነው፣ አንዷ ቲክቶክ ላይ ናት። እውነተኛው ፍጥነታችሁ ያ ነው።

መድኃኒቱ ሽቦ ነው። ከራውተሩ እስከ ላፕቶፑ የሚደርስ የኢንተርኔት ኬብል ግዙ። የእኔ ከሳሎን ተነስቶ በደረጃው ወርዶ ቤዝመንት ይገባ ነበር፤ እናቴ እንዳይጠልፋት በፕላስተር ደረጃው ላይ ለጠፍኩት። ቻርጀሩ ይሰካ፤ “ባትሪው ሙሉ ነው” አትበሉ። የዊንዶውስ ማሻሻያ ከኋላ ካለ ቀድሞ ይጫን፤ አለበለዚያ በሦስተኛው ሴክሽን መሐል ላፕቶፑ በራሱ ሊጠፋ ይችላል።

ክፍሉና የቤቱ ሰው

በር ያለው ክፍል ያስፈልጋል። ብርሃኑ ፊታችሁ ላይ ይውደቅ፤ መስኮት ከኋላ ካለ መጋረጃው ይዘጋ። ጠረጴዛው ላይ ከተፈቀደው በቀር ምንም አይኑር። ግድግዳው ላይ ጽሑፍ ያለበት ነገር ሁሉ ይውረድ። እኔ የማኅበር ካላንደር ረስቼ “ምንድን ነው የተጻፈው?” ተብያለሁ። በግዕዝ ፊደል የተጻፈ ነገር ለማያነበው ሰው ምስጢር ይመስላል። በክርክር ያባከንኩት አምስት ደቂቃ ነው፤ ልቤ ግን እስኪረጋ አንድ ሙሉ ሴክሽን ወሰደ።

አሁን ወደ አክስቴ። ለቤት ሰው መንገር አይበቃም፤ ለሚመጣ ሰው መንገር ነው ቁም ነገሩ። በር ላይ የምትለጥፉት ወረቀት የቤዝመንቱ በር ላይ ሳይሆን የውጭው በር ላይ ይሁን። በአማርኛ ይጻፍ። ሰዓቱን ስትጽፉ ተጠንቀቁ፤ እኔ “እስከ 1 ሰዓት” ብዬ ለጥፌ ነበር። እናቴ በሐበሻ ሰዓት አነበበችው። “ልጄ እስከ ማታ ልትቆይ ነው” ብላ ምሳዬን ይዛ ልትመጣ ነበር፤ ወንድሜ ነው ያስጣላት። “ከምሳ በኋላ 1 ሰዓት፣ በአሜሪካ” ብላችሁ ዘርዝሩት። ከአዲስ አበባ የምትፈተኑም የቀጠሮውን ሰዓት በየትኛው አቆጣጠር እንደሆነ ሁለት ጊዜ እዩ።

ዘመድ ወዳጅ ሁሉ ባይደውል ጥሩ ነው፤ አይሆንም እንጂ። ስለዚህ የቤቱ ስልክ ሁሉ ድምፁ ይጥፋ። የእናንተ ስልክ ግን ጠፍቶም ቢሆን ከክፍሉ ይውጣ።

ቡናው ደግሞ አለ። በአፓርትመንት የምትኖሩ ታውቁታላችሁ፤ ቡና ሲቆላ የጭስ ማንቂያው ይጮሃል። ያ ጩኸት ሲጀምር ተነስቶ ማጥፋት አይቻል፣ ተቀምጦ ማንበብ አይቻል። በዚያን ቀን ቡናው የተቆላ ይሁን፤ ወይም ከፈተናው በኋላ ይፈላ። እኔ ሁለተኛውን የጨረስኩት እናቴ ጀበናዋን ይዛ ጎረቤት ሄዳ ነው። አክስቴንም ይዛት ሄደች።

የፈተናው ጠዋት

ከቀጠሮው 30 ደቂቃ ቀድማችሁ ግቡ። መጀመሪያ የፊታችሁ ፎቶ ይነሳል፣ ቀጥሎ የመታወቂያችሁ። መታወቂያውን ብርሃን እንዳያንጸባርቅበት ትንሽ ዘንበል አድርጋችሁ ያዙት። ከዚያ ሰው ይመጣል። ካሜራውን አንስታችሁ ክፍሉን ዙሪያውን፣ የጠረጴዛውን ላይና ሥር፣ ወንበሩን ታሳያላችሁ። እጅጌ ይሰበሰባል፣ ኪስ ይገለበጣል፣ መነጽር ወልቆ ይታያል፣ ጆሮ ይታያል። ሹሩባ የተሠራችሁ ከጆሮ ወደ ኋላ እሰሩት። ሁዲና ወፍራም ጃኬት አትልበሱ። ነጠላም ቢሆን ቤዝመንቱ ስለበረደ ብላችሁ አትደርቡ፤ ሹራብ ይሻላል። ሒጃብና ሌላ የሃይማኖት ልብስ ይፈቀዳል፤ ሊፈተሽ ስለሚችል ግን አትደንግጡ።

ጠረጴዛው ላይ ሊኖር የሚችለው ይሄን ያህል ነው፦ መታወቂያ፣ አምስት ቅጠል ባዶ ወረቀት፣ እስኪሪብቶ ወይም እርሳስ፣ ማቅለሚያ፣ ሶፍት፣ በፕላስቲክ ዕቃ ያለ መጠጥ ከ591 ሚሊ ሊትር ያልበለጠ። ጆሮ መድፈኛ ስፖንጅ ይፈቀዳል፤ ኢርፎን አይሞከርም። የእጅ ሰዓት አያስፈልግም፤ ቆጣሪው ስክሪኑ ላይ ነው፣ አምስት ደቂቃ ሲቀርም ያስታውሳል።

የሚያነጋግራችሁ ሰው ከየትኛው አገር እንደሆነ አታውቁም። አነጋገሩ ፈጥኖ ካመለጣችሁ “እባክህ በቻት ጻፍልኝ” በሉት። ያልገባችሁን “እሺ፣ እሺ” ብላችሁ አትለፉ። ያ ልማዳችን እዚህ ያስከፍላል።

ከተጀመረ በኋላ

ከንፈራችሁ አይንቀሳቀስ። ቀላል ይመስላል። እኔ ግን ከልጅነቴ ጀምሮ እየደገምኩ ነው የማነበው፤ አስቸጋሪ አንቀጽ ሲመጣ ሳላውቀው ማንሾካሾክ እጀምራለሁ። ተቆጣጣሪው ለሌላ ሰው የምታወሩ ይመስለዋል። ሎውሀብ ላይ ስትለማመዱ የራሳችሁን ቪዲዮ ቅረጹና እዩት፤ ትገረማላችሁ። ዓይናችሁም ጣራ ጣራ አይመልከት። ማሰብ ስትፈልጉ ወረቀቱን እዩ።

ዕረፍቱ 10 ደቂቃ ነው፤ ስትመለሱ ግን ፍተሻው ስለሚደገም በ7ኛው ደቂቃ ወንበራችሁ ላይ ሁኑ። ሽንት ቤት፣ ውኃ፣ አንድ ሙዝ። ስልክ አትንኩ። ያለፈውን ሴክሽን ለማንም አታውሩ።

ኢንተርኔቱ ቢቋረጥ ከክፍሉ አትውጡ። ፕሮግራሙን እንደገና ክፈቱት፤ አብዛኛውን ጊዜ ካቆማችሁበት ይቀጥላል። ተቆጣጣሪው ካልመለሰላችሁ ቻቱ ላይ ጻፉ። ሰዓቱን ወረቀታችሁ ላይ አስፍሩ። ፈተናው ሲያልቅ፣ ምሳ እንኳ ሳትበሉ፣ በስንት ሰዓት ምን እንደሆነ ለኤልሳክ ጻፉ። “ቀስ ብዬ ነገ” ያለ ሰው ዝርዝሩን ይረሳዋል፤ ስሜቱ ብቻ ይቀርለታል። የሚያስፈልገው ዝርዝሩ ነው።

ውጤት በሦስት ሳምንት ገደማ ይወጣል። ስኮር ፕሪቪው የሚባለውን የገዛ ሰው ውጤቱን አይቶ በ6 ቀን ውስጥ መሰረዝ ይችላል። ያልገዛ ሰው ከፈተናው በኋላ ባሉት 6 ቀናት ሳያይ ነው የሚሰርዘው።

ድርሰቱ

ብዙ ሰው የሚረሳው ይሄን ነው። ድርሰቱ ለብቻው ይከፈታል፤ ከፈተናው 8 ቀን ቀድሞ። 15 ደቂቃ የቀረቡላችሁን ሐሳቦች ታነባላችሁ፣ 35 ደቂቃ ትጽፋላችሁ። ነጥብ የለውም፤ ግን ወደ ትምህርት ቤቶቹ ይላካል። አንድም ድርሰት ፋይላችሁ ውስጥ ከሌለ ደግሞ ውጤታችሁ አይለቀቅም። ጓደኞቻችሁ ቁጥራቸውን ሲነጋገሩ እናንተ ባዶ ገጽ ላይ ታፈጣላችሁ።

ለድርሰቱ ስትቀመጡ የአማርኛ መጻፊያ ኪቦርዳችሁን አጥፉት። የእኔ በሁለት ቁልፍ ነው ከእንግሊዝኛ ወደ አማርኛ የሚዞረው። በሦስተኛው አንቀጽ መሐል ሳላውቀው ነክቼው፣ ቀና ስል ግማሽ መስመሩ “ትሄ” “ፎር” እያለ በግዕዝ ፊደል ተደርድሯል። ሰርዤ እስክጽፈው ሁለት ደቂቃ ሄደ።